አውግስጢኖስ (የሂፖ ኤጲስ ቆጶስ)

አውግስጢኖስ ወይም ቅዱስ አውግስጢኖስ ዘሂፖ (354–430 እ.ኤ.አ.) በሮማ መንግሥት ዘመን በሰሜን አፍሪካ የኖረ የክርስትና መምህር፣ ጸሐፊና የሂፖ ከተማ ኤጲስ ቆጶስ ነበረ። በላቲን ከጻፉት የቤተ ክርስቲያን አባቶች መካከል በጽሑፍ ብዛትም ሆነ ባሳደረው ተጽዕኖ የሚስተካከለው የለም ማለት ይቻላል። በተለይ የሚታወቀው የአዳም በደል ለሰው ዘር ምን እንዳወረሰ፣ ሰው በገዛ ፈቃዱ ብቻ ከኃጢአት መራቅ ይችል እንደ ሆነና የእግዚአብሔር ጸጋ ምን እንደሚሠራ በሰጠው ትምህርት ነው። ትምህርቱ በሕይወት ሳለ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል፤ ከሞተ በኋላም አብያተ ክርስቲያናትን እስከ ዛሬ ሲያነጋግር ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ልጅነት

አውግስጢኖስ ኖቬምበር 13 ቀን 354 ታጋስቴ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ቦታው ዛሬ በአልጄሪያ ውስጥ ሱቅ አህራስ ይባላል። አባቱ ፓትሪክዮስ መጠነኛ መሬት ያለው ሰው ሲሆን ክርስቲያን የሆነው በሕይወቱ መጨረሻ ላይ ነበር። እናቱ ሞኒካ ግን ጽኑ ክርስቲያን ነበረች፤ ልጇም በእምነቷ እንዲጸና ዕድሜዋን ሙሉ ጸለየች። ናቪግዮስ የሚባል ወንድምና አንዲት እህትም ነበሩት።

በልጅነቱ አልተጠመቀም። በዚያ ዘመን ብዙ ወላጆች ልጁ በወጣትነቱ ኃጢአት ሠርቶ ጥምቀቱን እንዳያሳድፍ በመፍራት ጥምቀቱን ያዘገዩ ነበር። አውግስጢኖስ አንድ ጊዜ በጠና ታምሞ ሊጠመቅ ተቃርቦ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ዳነ ጥምቀቱ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ይኸው ሰው ሕፃናት ሳይዘገዩ መጠመቅ አለባቸው ከሚሉት መካከል ዋናው መምህር ለመሆን በቅቷል።

መጀመሪያ በታጋስቴ፣ ቀጥሎም ማዳውሮስ በተባለች ከተማ ተማረ። 16 ዓመት ሲሞላው ለትምህርቱ የሚከፈል ገንዘብ ስላልነበረ አንድ ዓመት ቤት ተቀመጠ። ኋላ በጻፈው ታሪኩ ውስጥ በሰፊው ያነሣው የፒር ፍሬ ስርቆት የተፈጸመው በዚህ ጊዜ ነው። ከጓደኞቹ ጋር በሌሊት ከጎረቤት ዛፍ ብዙ ፍሬ አራግፈው ወሰዱ። አልተራቡም፤ ፍሬውም ያን ያህል ጥሩ አልነበረም፤ አብዛኛውን ለዐሳማ ጣሉት። አውግስጢኖስ ካደገ በኋላ በዚህ ትንሽ ነገር ላይ ብዙ ገጽ የጻፈው ለአንድ ጥያቄ ሲል ነበር፦ ሰው ምንም ጥቅም ሳያገኝበት ክፉ ነገርን ስለ ክፋቱ ብቻ እንዴት ሊወድደው ይችላል? ብቻውን ቢሆን ኖሮ እንደማይሰርቅም አስተውሏል። ስለዚህ ኃጢአት በሰው ልብ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሰዎች ኅብረት ውስጥም ኃይል እንዳለው ከዚህ ተረዳ።

የካርታጎ ዘመን

ሮማንያኖስ የተባለ ባለጸጋ የአገሩ ሰው ወጪውን ስለ ሸፈነለት አውግስጢኖስ ወደ ካርታጎ ሄዶ የንግግር ጥበብ ተማረ። ካርታጎ በዚያን ጊዜ ከሮማ መንግሥት ታላላቅ ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ከተማዋም ዛሬ በቱኒዚያ ትገኛለች። በዚያ ከአንዲት ሴት ጋር ያለ ሕጋዊ ጋብቻ መኖር ጀመረ። አብረው ወደ 15 ዓመት ያህል ቢኖሩም አውግስጢኖስ ስሟን በጽሑፎቹ አልገለጸም። በ372 ገደማ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ስሙንም አዴኦዳቱስ አሉት፤ ትርጉሙ እግዚአብሔር የሰጠው ማለት ነው።

በ19 ዓመቱ ሮማዊው ተናጋሪ ኪኬሮ የጻፈውን ስለ ፍልስፍና የሚናገር መጽሐፍ አነበበ፤ ከዚያም በኋላ እውነትን መፈለግ ዋና ሥራው ሆነ። መጽሐፍ ቅዱስን ሲያነብ ግን የላቲኑ ትርጉም ቋንቋ ሻካራ ሆኖበት ተወው። ከዚህ በኋላ የማኒን ሃይማኖት ተከተለ። ማኒ በሦስተኛው መቶ ዘመን በፋርስ መንግሥት የተነሣ ሰው ሲሆን፣ ዓለም ብርሃንና ጨለማ የተባሉ ሁለት ተቃራኒ ኃይሎች የሚዋጉባት ናት ብሎ አስተማረ። በዚህ ትምህርት መሠረት ክፉ ነገር የሚሠራው ሰው ራሱ ሳይሆን በውስጡ ያለው የጨለማ ባሕርይ ነው። አውግስጢኖስ ዘጠኝ ዓመት ያህል በዚህ ሃይማኖት የቆየበት አንዱ ምክንያት፣ ጥፋቱን ከራሱ አውርዶ በሌላ ላይ ለመጣል ስለ ተመቸው እንደ ነበረ ኋላ ጽፏል። በመጨረሻ ፋውስጦስ የተባለውን የማኒያውያን ታዋቂ መምህር አግኝቶ ሲጠይቀው፣ አንደበቱ የሚጣፍጥ ሆኖ ሳለ ለጥያቄዎቹ መልስ እንደሌለው ተረዳ፤ ተስፋውም ቀዘቀዘ።

ሚላኖና ወደ ክርስትና መመለሱ

በ383 አውግስጢኖስ ለእናቱ ሳይነግር በመርከብ ወደ ሮማ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ በነበረችው በሚላኖ የንግግር ጥበብ መምህር ሆኖ ተሾመ። በዚያ የከተማዋን ኤጲስ ቆጶስ አምብሮስዮስን ሰማ። በመጀመሪያ የማረከው የንግግሩ ውበት ነበር፤ ቆይቶ ግን የብሉይ ኪዳንን ታሪኮች በምሳሌና በምሥጢር ሲተረጉማቸው ቀድሞ የናቃቸው መጻሕፍት ጥልቅ ትርጉም እንዳላቸው ተገነዘበ።

በዚሁ ጊዜ ወደ ላቲን የተተረጎሙ የፕላቶን ተከታዮች መጻሕፍት በእጁ ገቡ። ከእነርሱ የተማረው ክፉ ነገር ራሱን የቻለ ሕልውና እንደሌለው ነው። ጨለማ የብርሃን መጥፋት፣ ሕመምም የጤና መጉደል እንደ ሆነ ሁሉ፣ ክፋትም የበጎ ነገር መጉደል ነው። በዚህ መንገድ የማኒያውያን ትምህርት በአእምሮው ፈረሰ። ነገር ግን አእምሮው ቢረታም ሕይወቱ አልተለወጠም።

ሞኒካ ወደ ሚላኖ መጥታ ነበርና ለልጇ ለማዕረጉ የምትመጥን ሕጋዊ ሚስት ታጨችለት። ስለዚህ ለብዙ ዓመት አብራው የኖረችው ሴት ልጇን ለአባቱ ትታ፣ ሌላ ወንድ ላታውቅ ተስላ ወደ አፍሪካ ተመለሰች። አውግስጢኖስ መለያየቱ ልቡን እንዳቆሰለው ጽፏል። ሆኖም የታጨችው ልጅ ለጋብቻ ሁለት ዓመት ይቀራት ስለ ነበር፣ እስከዚያ መታገሥ አቅቶት ሌላ ሴት ያዘ። የሚጠላውን ነገር መተው አለመቻሉን ያን ጊዜ በራሱ ላይ አየው። ፈቃዱ ለሁለት እንደ ተከፈለና ልማድ እንደ ሰንሰለት እንዳሰረው የጻፈው ይህን ዘመን በማስታወስ ነው።

በ386 የበጋ ወራት ከጓደኛው ከአሊጵዮስ ጋር በሚኖርበት ቤት የአትክልት ስፍራ ሳለ በጭንቀት አለቀሰ። መጽሐፍ አንሥቶ እንዲያነብ የሚል የሕፃን ድምፅ ከጎረቤት እንደ ሰማ ይተርካል። የሐዋርያው ጳውሎስን መልእክት ገልጦ በሮሜ ምዕራፍ 13 ከስካርና ከዝሙት ርቀው ክርስቶስን እንዲለብሱ የሚመክረውን ክፍል አነበበ፤ በዚያውም ቅጽበት ልቡ ዐረፈ። የማስተማር ሥራውን ለቀቀ፤ የታሰበውንም ጋብቻ ተወ። በ387 የፋሲካ ሌሊት ከልጁና ከአሊጵዮስ ጋር በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ። በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ለመመለስ መርከብ ሲጠብቁ ሞኒካ በኦስቲያ ወደብ በ56 ዓመቷ ዐረፈች። አውግስጢኖስ በ388 ወደ ታጋስቴ ተመልሶ ከወዳጆቹ ጋር የምንኩስና ኑሮ ጀመረ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ልጁ አዴኦዳቱስ ገና በወጣትነቱ ሞተ።

ቅስናና ኤጲስ ቆጶስነት

በ391 አውግስጢኖስ ዛሬ አናባ ወደምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ወደ ሂፖ ሄደ። በቤተ ክርስቲያን የነበረው ሕዝብ ይዞ ወደ ኤጲስ ቆጶሱ ወደ ቫሌርዮስ አቀረበውና ሳይፈልግ ቅስና ተቀበለ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የቫሌርዮስ ረዳት፣ ከዚያም በመንበሩ የተተካ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ከ30 ዓመት በላይ ሂፖን አገለገለ። ዘወትር ይሰብክ፣ የተጣሉትን ይዳኝ፣ ከሩቅ አገር ለሚመጡ ደብዳቤዎች መልስ ይሰጥ ነበር።

ከ397 ጀምሮ የጻፈው «ኑዛዜ» የተባለው 13 ክፍል ያለው መጽሐፍ የራሱን ሕይወት ለእግዚአብሔር በጸሎት መልክ የሚተርክ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሕፃናት ሲናገር፣ መናገር ያልቻለ ሕፃን ሌላው ሲጠባ አይቶ በቅናት ሲገረጣ እንዳየ ጽፏል። ሕፃኑ ጉዳት የማያደርሰው አቅም ስለሌለው እንጂ ልቡ ንጹሕ ስለ ሆነ አይደለም ብሎ ደመደመ።

በአፍሪካ ያገኘው የመጀመሪያው ትልቅ ክርክር ከዶናቶስ ተከታዮች ጋር ነበር። እነርሱ በስደት ዘመን እምነታቸውን የካዱ ካህናት የሚፈጽሙት ምሥጢር ዋጋ የለውም፤ ቤተ ክርስቲያንም የንጹሐን ብቻ መሆን አለባት ይሉ ነበር። አውግስጢኖስ የምሥጢራት ባለቤት ክርስቶስ ስለ ሆነ የካህኑ ኃጢአት ጥምቀቱን እንደማያፈርሰው፣ ቤተ ክርስቲያንም እስከ ፍርድ ቀን ድረስ ስንዴና እንክርዳድ አብረው የሚበቅሉባት እርሻ እንደ ሆነች መለሰ። መጀመሪያ ሰውን በኃይል ወደ እምነት ማምጣትን ይቃወም ነበር። በኋላ ግን የመንግሥት ቅጣት ብዙዎችን እንደ መለሰ በማየቱ ሐሳቡን ለውጦ ደገፈው። ከ411 የካርታጎ ጉባኤ በኋላ መንግሥት በዶናቶስ ተከታዮች ላይ ቅጣትና የንብረት መወረስ አወጀ። ይህ አቋሙ በኋላ ዘመን ሰዎችን በእምነታቸው ምክንያት ለሚያሳድዱ ባለሥልጣናት መከራከሪያ ስለ ሆነ ብዙ ይነቀፍበታል።

ከፔላግዮስ ጋር የተደረገው ክርክር

ፔላግዮስ ከብሪታንያ የመጣና በሮማ ለብዙ ጊዜ የኖረ፣ በጥብቅ ኑሮው የተከበረ መምህር ነበር። ብዙ ክርስቲያኖች ስንፍናቸውን በሰው ድካም እያመካኙ መኖራቸው ያሳዝነው ነበር። በ«ኑዛዜ» ውስጥ አውግስጢኖስ እግዚአብሔርን ለሚያዘው ነገር ኃይሉንም እንዲሰጠው የሚለምንበትን ጸሎት ሲሰማ ተቆጣ፤ እንዲህ ያለው ጸሎት የሰውን ኃላፊነት ያጠፋል ብሎ አሰበ። እንደ ፔላግዮስ ትምህርት እግዚአብሔር የማይቻል ነገር አያዝም፤ ስለዚህ ሰው ከወደደ ኃጢአትን መተው ይችላል። አዳም የጎዳው ራሱን ነው፤ ልጆቹን የጎዳቸውም በክፉ ምሳሌነቱ ነው። የሚወለድ ሕፃንም አዳም ከመበደሉ በፊት በነበረበት ሁኔታ ይወለዳል።

በኦገስት 410 የጎቶች ንጉሥ አላሪክ ሮማን ሲዘርፍ ብዙ ሰዎች ወደ አፍሪካ ሸሹ። ፔላግዮስና ደቀ መዝሙሩ ኬለስትዮስም አብረው መጡ። ፔላግዮስ ወዲያው ወደ ፍልስጥኤም አለፈ፤ ኬለስትዮስ ግን በካርታጎ ቀርቶ ቅስና ሲጠይቅ በ411 ተከሶ ተወገዘ። አውግስጢኖስም የክርክሩን የመጀመሪያ መጽሐፍ፣ ስለ ኃጢአት ስርየትና ስለ ሕፃናት ጥምቀት፣ ለወዳጁ ለመንግሥት ባለሥልጣኑ ለማርኬሊኖስ ጻፈ።

ጉዳዩ ከአገር አገር ተዛመተ። በ415 በፍልስጥኤም ዲዮስፖሊስ የተሰበሰቡ ጳጳሳት ፔላግዮስን መርምረው ነጻ አደረጉት። በሚቀጥለው ዓመት ሁለት የአፍሪካ ጉባኤዎች አወገዙት፤ የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ኢኖሰንትም ከአፍሪካውያኑ ጋር ተስማማ። እርሱ ሲሞት የተተካው ዞሲሞስ ግን መጀመሪያ ለፔላግዮስና ለኬለስትዮስ ራርቶ ነበር። በ418 ንጉሠ ነገሥት ሆኖርዮስ ሁለቱን ከሮማ እንዲባረሩ አዘዘ፤ በሜይ 1 ቀን በካርታጎ የተሰበሰቡ ከ200 በላይ ጳጳሳትም ትምህርታቸውን አወገዙ። ዞሲሞስም ውግዘቱን ተቀበለ።

ክርክሩ ግን በዚህ አላበቃም። የኤክላኑም ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ኢጣሊያዊው ዩልያኖስ ውግዘቱን አልፈርምም ብሎ ከመንበሩ ተነሣ። ከአውግስጢኖስ በዕድሜ የሚያንስ፣ በትምህርት የሚፎካከር ሰው ነበር። ጻድቅ አምላክ ገና ምንም ያልሠራን ሕፃን በሌላ ሰው ጥፋት እንዴት ይቀጣል ብሎ ጠየቀ፤ አውግስጢኖስንም የቀድሞውን የማኒን ትምህርት በስውር ወደ ቤተ ክርስቲያን አስገባ፣ ጋብቻንም ነቀፈ ብሎ ከሰሰው። አውግስጢኖስ እስኪሞት ድረስ ለዩልያኖስ መልስ ሲጽፍ ቆየ፤ የመጨረሻው መልሱም ሳያልቅ ቀረ።

ስለ ኃጢአት ያስተማረው

የአውግስጢኖስ ትምህርት በአጭሩ እንዲህ ነው። እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ መልካም ነው፤ ስለዚህ ክፋት ፍጥረት ሳይሆን የተጣመመ ፈቃድ ነው። የአዳም ኃጢአት ሥሩ ትዕቢት ነበር፤ ሰው ከእግዚአብሔር ተለይቶ ለራሱ ጌታ መሆን ፈለገ። ለእግዚአብሔር አልታዘዝም ያለ ሰው ደግሞ የገዛ ራሱ ሰውነትና ምኞት አልታዘዝለት አለ። ሞት፣ ሕመም፣ የአእምሮ መጨለምና ከፈቃድ ውጭ የሚነሣ ክፉ ምኞት ከዚያ የመጡ ናቸው።

የሰው ዘር ሁሉ በአዳም ወገብ ነበረና በደሉን ከነዕዳው ወርሷል አለ። ለዚህ ዋና ማስረጃ ያደረገው ሮሜ 5፥12ን ነው። እርሱ የተጠቀመበት የላቲን ትርጉም ሁሉም በአዳም ውስጥ ሆነው ኃጢአት እንደ ሠሩ የሚያስመስል ነበር፤ የግሪኩን ቃል ግን ብዙ ሊቃውንት ሁሉ ኃጢአትን ስላደረጉ በሚል ይተረጉሙታል። ሁለተኛው ማስረጃው የቤተ ክርስቲያን ልማድ ነበር፦ ሕፃናት ለኃጢአት ስርየት የሚጠመቁ ከሆነ፣ የራሳቸው ሥራ ስለሌላቸው የሚሰረይላቸው የወረሱት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሳይጠመቁ የሚሞቱ ሕፃናት፣ ቅጣታቸው ከሁሉ የቀለለ ቢሆንም፣ ከመንግሥተ ሰማያት ውጭ እንደሚሆኑ አስተማረ። የነፍስ አመጣጥ ግን፣ ከወላጆች ትወረስ ወይስ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ትፈጠር፣ እስከ መጨረሻ ሳይወስነው የቀረ ጥያቄ ነበር።

የሰውን ሁኔታ በሦስት ደረጃ ከፈለው። አዳም ኃጢአት አለመሥራት ይችል ነበር፤ ከውድቀት በኋላ ሰው ያለ ጸጋ ኃጢአት አለመሥራት አይችልም፤ በሚመጣው ዓለም ደግሞ የዳኑት ኃጢአት መሥራት አይችሉም። በዚህ ዓለም ሰው ነጻ ፈቃድ አለው፤ ነገር ግን ፈቃዱ እንደ ታመመ ሰው ነው፣ ሐኪም ካላገኘ ራሱን ማዳን አይችልም። ሐኪሙ ክርስቶስ፣ መድኃኒቱም ጸጋ ነው። በጎ ሥራ ብቻ ሳይሆን በጎ ለመሥራት መፈለግም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። በወጣትነቱ ስለ ነጻ ፈቃድ በጻፈው መጽሐፍ ለሰው ምርጫ ሰፊ ቦታ ሰጥቶ ስለ ነበር፣ ፔላግዮስ ያንኑ መጽሐፍ በእርሱ ላይ ማስረጃ አድርጎ ጠቅሶበታል።

የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትና ኢትዮጵያ

በግሪክ የጻፉት አባቶች በአብዛኛው ከአዳም የተወረሰው ሞትና የባሕርይ መጎስቆል መሆኑን አጉልተው ያስተምራሉ፤ የበደሉ ዕዳ ራሱ ይወረሳል የሚለው አገላለጽ በእነርሱ ዘንድ እንደ ምዕራቡ አልጠነከረም። በምዕራብም ቢሆን በማርሴይ የነበረው መነኩሴ ዮሐንስ ካስያኖስ የሰው ፈቃድ አንዳንድ ጊዜ የመጀመሪያውን እርምጃ ሊወስድ እንደሚችል ጽፏል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአዳም በደል «ጥንተ አብሶ» ይባላል። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን የሚጠመቁበት ሥርዓትም የታወቀ ነው። ሆኖም የግዕዝ የሃይማኖት መጻሕፍት የተተረጎሙት በመጀመሪያ ከግሪክ፣ በኋላም ከዓረብኛ ስለ ሆነ፣ በላቲን የጻፈው አውግስጢኖስ በምዕራቡ ያገኘውን ቦታ በዚህ አላገኘም። ስለዚህ «የውርስ ኃጢአት» የሚለው ቃል በአማርኛ ሲነበብ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል።

የመጨረሻ ዘመኑ

የሮማን መዘረፍ ተከትሎ በ413 የጀመረውን «የእግዚአብሔር ከተማ» የተባለ 22 ክፍል ያለው መጽሐፉን በ426 ገደማ ፈጸመ። በዚህ መጽሐፍ የሰው ታሪክ በሁለት ፍቅር የተከፈለ ሆኖ ይታያል፦ አንዱ እግዚአብሔርን እስከ መናቅ የሚደርስ ራስን መውደድ፣ ሌላው ራስን እስከ መናቅ የሚደርስ እግዚአብሔርን መውደድ። ከዚያ በኋላ የቀድሞ መጻሕፍቱን ሁሉ አንድ በአንድ መርምሮ ማረሚያ ጻፈ፤ ቁጥራቸውም 93 ሥራዎች ሆኖ ተገኘ።

በ429 ቫንዳሎች ከስፔን ወደ አፍሪካ ተሻግረው ከተሞችን አጠፉ፤ በ430 ሂፖን ከበቡ። ከበባው በሦስተኛው ወር ላይ ሳለ አውግስጢኖስ በትኩሳት ታመመ። ወዳጁና የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ ፖሲድዮስ እንደሚተርከው፣ ስለ ንስሐ የሚናገሩትን ጥቂት የዳዊት መዝሙራት አስጽፎ በአልጋው ትይዩ ግድግዳ ላይ አሰቀለ፤ እያነበባቸውም አለቀሰ። ሐኪም ከሚገባበትና ምግብ ከሚቀርብበት ሰዓት በቀር ማንም እንዳይመጣበት ለመነ። በኦገስት 28 ቀን 430 በ75 ዓመቱ ዐረፈ። የሚናዘዘው ሀብት ስላልነበረው ኑዛዜ አልተወም፤ የቤተ ክርስቲያኑ መጻሕፍት በጥንቃቄ እንዲጠበቁ ግን አደራ ብሎ ነበር፤ ጽሑፎቹም ከጥፋቱ ተረፉ።

ከሞተ በኋላ

በ431 የተሰበሰበው የኤፌሶን ጉባኤ ከኬለስትዮስ ጋር የተባበሩትን አወገዘ። በ529 በደቡብ ፈረንሳይ የተሰበሰበው የኦራንዥ ጉባኤ አውግስጢኖስ ስለ ጸጋ ያስተማረውን በዋናው ነገር አጸና፤ እግዚአብሔር ሰዎችን ለክፋት አስቀድሞ ወስኗል የሚለውን ሐሳብ ግን አወገዘ። አጽሙ በመጀመሪያ ወደ ሰርዲኒያ፣ በስምንተኛው መቶ ዘመን ደግሞ በሎምባርዶች ንጉሥ በሊውትፕራንድ ትእዛዝ ወደ ጣሊያን ከተማ ወደ ፓቪያ ተወሰደ።

በ16ኛው መቶ ዘመን ማርቲን ሉተር፣ ራሱ በአውግስጢኖስ ስም የተጠራ ማኅበር መነኩሴ የነበረ፣ ስለ ጸጋ ባስተማረው ትምህርት እርሱን ጠቀሰ። ካልቪንም ጠቀሰው፤ እነርሱን የተቃወሙት የካቶሊክ ሊቃውንትም እንዲሁ ጠቀሱት። ዩልያኖስ ያነሣው የሕፃናት ጥያቄም አልተዘጋም፤ የምዕራብ መምህራን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የአውግስጢኖስን መልስ ሲያለዝቡት ኖረዋል። ሰው የሚጠላውን ነገር ለምን ደጋግሞ እንደሚያደርግ ግን ከራሱ ሕይወት ተነሥቶ የመረመረበት መንገድ፣ ትምህርቱን በሙሉ በማይቀበሉት ዘንድ እንኳ እስከ ዛሬ ይነበባል።